በቀጥታ ሥርጭት የተረጎምኳት ሴት

በእኛ ሥራ «ተናገረ» የሚባለው ገበሬ ብቻ ነው። ባለሥልጣን አይናገርም። የክልል ኃላፊ ከሆነ «አስገነዘቡ»፣ የዞን ከሆነ «አስታወቁ»፣ የወረዳ ከሆነ «ገለጹ»፣ ባለሙያ ከሆነ «ጠቆሙ» ይባላል። ገና ሥራ እንደ ጀመርኩ አንድ የዞን ኃላፊን «ገለጹ» ብዬ ብጽፍ፣ በማግስቱ ጸሐፊያቸው ደውላ «ኃላፊው አዝነዋል፤ እንደ ወረዳ ሰው ነው ያየኝ ብለዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግሱን ከሹመቱ ጋር እያመሳከርኩ ነው የምጽፈው። በሃያ ሦስት ዓመት የቴሌቪዥን የፖለቲካ ዘጋቢነቴ ሰው ተሽሮ ሰው ሲሾም፣ መፈክር ወርዶ መፈክር ሲሰቀል አይቻለሁ። በግስ ግን ሁለተኛ ተሳስቼ አላውቅም። የተሳሳትኩት በሌላው ነው።

የተወለድኩት ሌሞ ወረዳ ውስጥ፣ ከሆሳዕና በእግር ሁለት ሰዓት በማይሞላ ቦታ ነው። ቤታችን የሚነገረው ሀዲይኛ ነበር፤ አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ኮሌጅ ስደርስ የአዲስ አበባ ልጆች አነጋገሬን እየቀዱ ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ በየክረምቱ እረፍት ከቤታችን ጓሮ እንሰቱ መሐል እገባና ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንድ ቀን እናቴ ለምሳ ልትጠራኝ መጣችና፣ «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ።

«አማርኛ እያጠናሁ ነው» አልኳት።

«አማርኛ ሲናገሩ ነው እንዴ እንዲህ የሚቆጡት?»

ኋላ፣ ጥቂት ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ የዘጋቢነት ፈተና አልፌ በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ስል፣ ድምፄ ያው ጓሮ ውስጥ የተለማመድኩት የቁጣ ድምፅ ነበር። አለቆቼ ግን «ግርማ ሞገስ ያለው» አሉት። እናቴ ደግሞ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ታየኝና፣ ዜናው ሲያልቅ «ምን አለ?» ብለው ሲጠይቋት «አልገባኝም፤ ግን ተቆጥቷል» ትላቸው ነበር። ከሁለታችን ዜናውን በትክክል የምታቀርበው እሷ ነበረች።

የሥራ ቦታዬ አዳራሽ ነው። ሆሳዕናም ይሁን ዱራሜ አዳራሹ አንድ ነው፤ ከፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ የላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ፣ ከኋላ ባነር። በባነሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይቀየራል፤ አበባው አይቀየርም። መጀመሪያ ሁሉ ነገር «ልማታዊ» ነበር። ገበሬው ልማታዊ፣ ነጋዴው ልማታዊ፣ እኔም ልማታዊ ነበርኩ። ቀጥሎ ሁሉ ነገር «ለውጥ» ሆነ፤ ትናንት «ቁርጠኛ አመራር» ያልኩትን ሰው ዛሬ «የቀድሞው ብልሹ አሠራር» አልኩት። ሰውዬው ሞቶ ወይም ተሰድዶ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን እዚያው አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል፤ ሻይ እረፍት ላይም ወደ እኔ መጥቶ «ጥሩ ዘገባ ነው፣ በርታ» ይለኛል።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ፤ የኔ ነገር የተበላሸው እዚያ ነውና።

ሌሞ ውስጥ አንድ ቀበሌን ከሆሳዕና መንገድ የሚለይ ወንዝ አለ። በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ደፍርሶ ይሞላና ጋሪውም፣ በሬውም፣ ሰውም ከማዶ ከማዶ ተፋጦ ይውላል። የዚህን ወንዝ ድልድይ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ሦስት ጊዜ ዘግቤአለሁ። አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ማለቴ አይደለም፤ ሦስት ድንጋይ ነው። የመጀመሪያው የተጣለው ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለተኛው ሲጣል የቀበሌው ሊቀ መንበር አሮጌው ድንጋይ ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ ብሎ በእንሰት ቅጠል ሸፈነው። ካሜራማኑ ቅጠሉ ያምራል ብሎ አተኩሮ ቀረጸው፤ እኔም በዚያ ላይ «አካባቢው ለምለም ነው» ብዬ አነበብኩበት። ሦስተኛው ሲጣል ሁለቱን ለመሸፈን ማንም አልደከመም። ሊጥል የመጣው እንግዳ የሚቆምበት ቦታ ጭቃ ስለነበረ፣ በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ሦስተኛውን ጣለ። ይህንንም ዘገብኩ። «የኅብረተሰቡን የረጅም ጊዜ ጥያቄ የሚመልስ» አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጥያቄው በየጊዜው እየረዘመ መሄዱ ብቻ ነው።

ከተማችን ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ከሆነች በኋላ እንግዳ በዛ። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጡና በዚያው ቀበሌ ሕዝባዊ ውይይት እንዲደረግ፣ ውይይቱም በቀጥታ እንዲተላለፍ ታዘዘ። ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ። የላስቲክ አበባው ከአዳራሽ ተጭኖ መጣ። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ማይክ ይዤ ከጎን ቆሜአለሁ፤ ካሜራማኑ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከሀዲይኛ አንድ ቃል የማያውቅ ልጅ ነው።

ለማስተርጎም የተመደበው የወረዳ ሠራተኛ ነበር። ሥርጭቱ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጠፋ። ዛሬም ድረስ ብልህ ሰው ይመስለኛል። ኃላፊው ዙሪያቸውን አዩና፣ «ጋዜጠኛው የአካባቢው ተወላጅ አይደል? እሱ ይተርጉምልን» አሉ። የወረዳው አስተዳዳሪ ዐይን ዐይኔን አየኝ። «እሺ» አልኩ። «እሺ» የማይባልበት ቀን መኖሩን በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራዬ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሁለት ወንዶች ተናገሩ። እነሱ የተዘጋጁ ስለነበሩ በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ያሉትም እኔ ልጽፈው የምችለውን ነው። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሡ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሻሽ ያሰሩ፣ በእጃቸው የታጠፈ ጃንጥላ የያዙ። ማይኩን ሳልሰጣቸው ከእጄ ወሰዱት። በሀዲይኛ፣ ቀስ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦

«እዚህ ወንዝ ላይ ሦስት ድንጋይ አስቀምጣችኋል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ወንዙ ሰፊ ስለሆነ ግን ሦስቱ አልደረሰም። ድልድዩን ተዉት። በየጊዜው እየመጣችሁ ድንጋይ ብቻ ጨምሩልን። ሌላ አምስት ስድስት ከሆነ እየረገጥን እንሻገራለን።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ኃላፊው ሳቁን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ እሳቸውም ሳቁ፣ አጨበጨቡ። «ምን አሉ እናታችን?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

አንድ ሰከንድ ነበረኝ። በዚያች ሰከንድ ውስጥ እውነቱን ማሰቤን ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። አላሰብኩም። አፌ ለብቻው ሠራ።

«ለድልድዩ የመሠረት ድንጋይ በመቀመጡ የተሰማቸውን ደስታ ገልጸው፣ ሥራው ተጠናክሮ እንዲቀጥል ጠይቀዋል» አልኩ።

ሕዝቡ ሁለተኛ ሳቀ። ይኼኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ አማርኛ የማይሰማ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረማ። ሴትዮዋ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩና ማይኩን ከአፋቸው ሳያርቁ፣ በሀዲይኛ «ልጄ፣ እኔ እንደዚህ አልኩ?» አሉኝ።

«አሁንስ?» አሉ ኃላፊው።

«ምስጋናም አቅርበዋል» አልኩ።

ሦስተኛውን ሳቅ አልገልጸውም። ኃላፊው ሕዝቡ በዚህ ዓይነት ደስታ ተቀብሏቸው ስለማያውቅ ልባቸው ተነካ፤ ከመድረክ ወርደው ሴትዮዋን አቀፉ። ሥርጭቱ ካለቀ በኋላ ካሜራማኑ መሣሪያውን እየጠቀለለ፣ «አሪፍ ሴትዮ ናቸው፤ ሕዝቡን አሟሟቁልን» አለኝ። ሾፌራችን የሆሳዕና ልጅ ነው። እስከ ከተማ ድረስ በመስታወቱ ያየኝ ነበር።

ማታውን የዴስክ ኃላፊዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ትርጉምህ እንዴት ይፈሳል!» አለኝ። «ክቡር ኃላፊው ስምህን ጠይቀዋል።» ከሁለት ሳምንት በኋላ የምስክር ወረቀት በፍሬም መጣልኝ። «ለላቀ ሙያዊ አገልግሎት» ይላል።

የሥርጭቱ ቪዲዮ ከወረቀቱ ቀድሞ ነበር የደረሰው። አንዱ ወጣት የሴትዮዋን ቃል በትክክል ከሥር ጽፎበት፣ የእኔን ትርጉም በቀይ አድርጎ በየስልኩ ለቀቀው። በሦስት ቀን ውስጥ ሆሳዕና ውስጥ የማያውቀው ሰው አልቀረም። ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩ ከጓደኛው ጋር በሀዲይኛ ሲሳደብ ይቆይና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምስጋና እያቀረብኩለት ነው» ይለኛል። ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ያለው ጉራጌ፣ ሀዲይኛን ከእኔ አሳምሮ የሚናገር ሰው ነው። ዘይት ተወደደ ብዬ ብነጫነጭ፣ ረዳቱን ጠርቶ «ደንበኛችን በዋጋው የተሰማቸውን ደስታ ገልጸዋል፤ ተጠናክሮ ይቀጥል ብለዋል» አለ። ሥጋ ቤት ብገባም ይኸው ነው። ሰው ሲጣላ አስታራቂው «በሱ ትርጉም እንያዘው» ማለት ጀመረ፤ ስድቡን እንደ ምርቃት ቁጠረው ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይቀርልኛል ብዬ ነበር። እሑድ ሰባኪው በአማርኛ ይሰብካሉ፤ አንድ ወንድም አጠገባቸው ቆሞ ወደ ሀዲይኛ ይተረጉማል። ሰባኪው ስለ ኩነኔ ረጅም ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው አጠር አድርጎ አለፈው። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ በሹክሹክታ «ደስ ብሏቸዋል ነው የሚለው» አሉ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ሙሉ ሰው ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መዝሙር ሲጀመር ተመስገን አልኩ።

ባለቤቴ የከምባታ ልጅ ናት፤ የዱራሜ። መምህር ናት። ሀዲይኛ የምትሰማው በግማሽ ስለሆነ ቪዲዮውን ያብራሩላት ተማሪዎቿ ናቸው። ሳሎን ተቀምጬ የምስክር ወረቀቱን የት እንደምሰቅል ስፈልግ ገባችና ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች።

«ጠይቂ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ እወድሻለሁ ስትለኝ የኖርከውን ማን ይተርጉምልኝ?»

ቀልዳ ነው አልኩ። አልሳቀችም። ወረቀቱን አልሰቀልኩትም፤ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አደረግኩት።

የጨረሰችኝ ግን አክስቴ ናት፤ የአባቴ እህት። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምትቆጣኝ እሷ ናት። ደወለችና ሰላምታም ሳታስጨርሰኝ፣ «ያቺ ሴት የማን ሚስት እንደነበረች ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ባሏ ከአባትህ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ለቅሶውን አልደረስክም፤ ስብሰባ ላይ ነህ ተባለ። አሁን ደግሞ በሕይወት ያለችውን ሴትዮ አፏን ቀማሃት። ሂድና እግሯ ሥር ውደቅ።»

ሐምሌ ነበር። እስከ ወንዙ በጋሪ ሄድኩ። ባለ ጋሪው ዳር ላይ አቆመና «ከዚህ ወዲያ ድንጋዩ አልበቃም» አለኝ። የሰው ሁሉ መቀለጃ ሆኜ ቀረሁ። ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ውሃው እስከ ጉልበት ይመጣል ብዬ የገመትኩት እስከ ወገብ መጣ። መሐል ስደርስ አንሸራተተኝና ወደቅኩ፤ በእጄ ከያዝኩት ጫማ አንዱን ውሃው ወሰደው። ከማዶ በቆሎ የሚኮተኩት ሰው ወርዶ እጄን ይዞ ጎተተኝ። ማን እንደሆንኩ ሲያይ እጄን ሊለቅ ትንሽ አመነታ።

ሴትዮዋን ያገኘኋቸው ጓሮአቸው ውስጥ ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር እንሰት ሲፍቁ ነው። የእንሰቱን ግንድ ሳንቃው ላይ ደገፍ አድርገው በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይስባሉ፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል። በአንድ እግር ጫማ፣ ከወገብ በታች ርሼ፣ ፊታቸው ቆምኩ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። የያዙትን ፍቀው እስኪጨርሱ ቆየሁ። ጎረቤቶቻቸው እርስ በርስ አይተያዩም ነበር፤ ቢተያዩ እንደሚስቁ ያውቃሉ።

«በድልድዩ መጣህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«በውሃው ነው የመጣሁት፣ እናቴ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው።»

«ሀዲይኛ ትሰማለህ ማለት ነው?»

«ተወልጄ ያደግኩበት ነው።»

«እኔ የረሳኸው መስሎኝ ነበር። ረስቶት ከሆነ ምን ያድርግ ብዬ ይቅር ብዬህ ነበር። አሁን ነው የከፋኝ።»

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የሚያዘጋጀው ንግግር አለ፤ እኔም አዘጋጅቼ ነበር።  ሳልጀምረው እሳቸው እጃቸውን አጠቡና መቀመጫ እንዲሰጠኝ አዘዙ። ከዚያ ለምን እንደተናገሩ ነገሩኝ። ባላቸው የሞተው በክረምት ነው። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ከሆሳዕና የመጣው ለቀስተኛ መሻገር አልቻለም፤ እዚያው ከማዶ ቆመ። የወዲህኛው በወዲህ፣ የወዲያኛው በወዲያ ሆኖ ተለቀሰ። የእድሩ ዳኛ ከማዶ ሆኖ በሁለት እጁ አፉን ከልሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ጮኸ። ውሃው ስለሚጮኽ አልሰሙትም፤ «ምን አልክ?» ብለው መልሰው ጮኹ። ሦስት ጊዜ ደገመው።

«በሦስተኛው አንዷ ሳቀች» አሉ። «በባሌ ለቅሶ ላይ ሰው ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ያንን ለዚያ ትልቅ ሰው ልነግረው ነበር የተነሣሁት። ማይኩን ስይዝ ግን ለቅሶዬን ለማያውቀው ሰው ማውራት አሳፈረኝ። ስለዚህ ስለ ድንጋዩ ተናገርኩ።»

 «አዝናለሁ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። «አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ሁልጊዜ በቴሌቪዥን ስታወራ አይሃለሁ። የኔን ወደ አማርኛ ወስደህብኛል፤ ያንተን ደግሞ ወደ ሀዲይኛ አምጣልኝ። ትናንት ያልከውን ንገረኝ።»

ትናንት ያልኩት ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ የምለው ስለሆነ አይረሳም። «ባለድርሻ አካላት ለዘላቂ ልማት ቅንጅታዊ ርብርብ ማድረግ እንዳለባቸው ተገለጸ» ነው። በሀዲይኛ ጀመርኩት። «ድርሻ ያላቸው…» አልኩና ቆምኩ።

«ድርሻ ያላቸው ምኖች?»

«አካላት። ሰውነቶች።»

«የማን ሰውነት?»

አንዷ ጎረቤት መፋቂያዋን ጣለችና ሆዷን ያዘች። «የመንግሥትም፣ የሌላም… ሰዎች ማለት ነው» አልኩ።

«እሺ ሰዎች በል። ድርሻ አላቸው አልክ። ምን ተካፈሉ?»

«ምንም አልተካፈሉም።»

«ታዲያ ድርሻው ምንድነው?»

አላውቅም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልኩትን ቃል፣ የተወለድኩበት ቋንቋ አልቀበልም አለኝ። «እሺ ቀጥል» አሉ። «ተሰባስበው ይሮጣሉ» አልኩ፤ ርብርብ እኔ ዘንድ በሀዲይኛ የመጣው እንዲያ ሆኖ ነው። «ወዴት?» አሉ። «ወደማያቋርጥ… ወደ ልማት።» «ደረሱ?» «መሮጥ አለባቸው ነው የተባለው። ገና አልተነሡም።» «ማን ነው አለባቸው ያለው?» «ተገለጸ ነው የሚለው፤ ማን እንደገለጸ አይልም።»

ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ያኔ ነው ጥርሳቸውን ያየሁት። ጎመንና ትኩስ ቆጮ በላሁ፤ የባላቸውን አሮጌ ቦቲ ጫማ አንድ እግሩን ሳይሆን ጥንዱን ሰጡኝና ሸኙኝ። ቦቲው ጠበበኝ፤ ለመጥበቡ ግን ቅሬታ አላቀረብኩም።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ዜና ጻፍኩ። አጭር ነበር። ወንዝ አለ፤ ሦስት የመሠረት ድንጋይ አለ፤ ድልድይ የለም። ሴትዮዋ እንዲህ ብለው ተናገሩ። እኔ በቀጥታ ሥርጭት የተረጎምኩት ስሕተት ነበር። ሦስቱንም ድንጋይ ካሜራማኑ ወንዙ ድረስ ሄዶ በቅርበት ቀረጻቸው፤ በአንዱ ላይ ዶሮ ቆማ ነበር።

የዴስክ ኃላፊዬ አንብቦት ደወለ። «ወንድሜ፣ ታመሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«የምስክር ወረቀት የተሰጠህ በዚያ ትርጉም እኮ ነው። ስሕተት ነው ካልክ ወረቀቱስ?»

«ልመልሰው እችላለሁ።»

«ወረቀት መመለሻ ቅጽ የለንም» አለና ዘጋው። ማታ ዜናው ወጣ። ከላክሁት የቀረችው ዶሮዋ ብቻ ናት። በእሷ ምስል ላይ ሌላ ሰው፣ በአካባቢው የዶሮ እርባታ ተስፋ ሰጪ መሆኑን አነበበ።

በሥርጭቱ ቀን የተቀዳው የሴትዮዋ ሙሉ ድምፅ ግን እጄ ላይ ነበር። በከተማችን በሀዲይኛ የሚተላለፍ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ የቆየ ጓደኛ አለኝ፤ ወስጄ ሰጠሁት። አንዲት ቃል ሳይቆርጥ አስተላለፈው። ከኋላ የእኔም ድምፅ ገባበት፤ በሀዲይኛ፣ እንደዚያ እንዳልኩ አምኜ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ድምፄ አላማረም። የቁጣው ድምፅ በሀዲይኛ አይሠራልኝም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ጠበቁኝ። አበባው እዚያም አለ።

«ሴትዮዋን ማን አነሣሣት?» አለኝ መሐል ያለው።

«ወንዙ» አልኩ።

ጻፈው። ሲጽፈው አየሁት። ምናልባት ዛሬም አንድ ፋይል ውስጥ ወንዙ በአነሣሽነት ተመዝግቦ ይገኛል። «ለተሻለ የሥራ ውጤት» የሚል የዝውውር ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰኝ፤ ወደ ዱራሜ። ሊቀጡኝ ብለው ነበር፤ ባለቤቴ ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወደ እናቷ ደወለች። ለሃያ ዓመት ወደ ዱራሜ እንግባ ስትለኝ ኖራ እኔ እምቢ እያልኩ የቀረውን ነገር መንግሥት በአንድ ማኅተም ጨረሰላት።

ዱራሜ ውስጥ እኔ ነኝ የሚተረጎምልኝ። ከምባትኛ ከሀዲይኛ ጋር ይቀራረባል ይላሉ፤ የሚቀራረቡት ግን ለሁለቱም ተናጋሪዎች ሳይሆን ለቋንቋ ምሁራን ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ሙዱላ ገበያ ወርጄ አንድ ዝንጅብል ሻጭ ሽማግሌ አነጋገርኩ። አምስት ደቂቃ ያህል እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ዝንጅብሉን እያነሡ እየጣሉ ተናገሩ። አብሮኝ የነበረው የወረዳ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠራረገና «በገበያው ደስተኛ ነኝ ነው የሚሉት» አለኝ። ትክ ብዬ አየሁት። መሬት መሬት አየ። «ወንድሜ፣ በዚህ ሙያ ላይ እኔን ልትሸውደኝ ነው?» አልኩት። ቀስ ብሎ እንደ ገና ተረጎመልኝ፤ ከዝንጅብሉ አልፈው ስለ መንገዱም፣ ስለ ሊቀ መንበሩም፣ ስለ እኔ ሥራም ተናግረው ኖሯል። ሁሉንም ላክሁት። የወጣው ዝንጅብሉ ነው።

የወንዙ ነገር እንዲህ ሆነ። የቀበሌው ሰው ድንጋዩን መጠበቅ ትቶ፣ በመስከረም ከየጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ በገመድ አስሮ፣ በራሱ ጉልበት ለሰውና ለጋሪ የሚበቃ መሻገሪያ ሠራ። ሲያልቅ ሪባን ሊቆርጥ እንግዳ መጣ። ዜናውን ያየሁት ዱራሜ ሆኜ፣ አማቴ ሳሎን ነው። በእኔ ቦታ የተተካው ጎበዝ ወጣት ነው፤ ድምፁ የእኔን ይመስላል። «ኅብረተሰቡን በማስተባበር የተገነባው ድልድይ መመረቁን የሥራ ኃላፊው አስገነዘቡ» አለ። ሴትዮዋ ከሕዝቡ ኋላ በጃንጥላቸው ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። ማይክ አልደረሳቸውም። ካሜራው አልፏቸው ሄደ፤ እሳቸው ግን ወደ ካሜራው አልነበረም የሚያዩት፤ የእንጨቱን እስር ነበር በጃንጥላቸው ጫፍ ነካ ነካ እያደረጉ የሚፈትሹት።

አማቴ ዜናውን አይተው ሲያበቁ በከምባትኛ አንድ ነገር አሉ። ባለቤቴን አየኋት። «ጠይቃቸው እንጂ» አለችኝ። ላለፉት ወራት እራት ላይ እያስተማረችኝ ስለነበር፣ እንደምንም ብዬ፣ «ምን አሉ እማማ?» አልኳቸው በራሳቸው ቋንቋ። አነጋገሬ እንደ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። አማቴ ደነገጡ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ዝግ ብለው፣ ሙሉውን ነገሩኝ። ግማሹ ገባኝ። የቀረውን እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው።